የኮርቻና የአፎት ሠሪዎች ዜና መዋዕል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። የነገሥታቱን ዘመቻ፣ የመኳንንቱን ሹመት፣ የፈረሶቻቸውንም ስም የሚነግር መጽሐፍ በሀገራችን ብዙ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም አባ መቻል መባላቸውን ሕፃን እንኳ ያውቃል። አባ ታጠቅ በተቀመጡበት ኮርቻ ላይ ወስፌ የያዘው ማን እንደ ነበረ ግን የሚነግረን አላገኘንም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ኮርቻውን የለበጡትን፣ አፎቱን የሰፉትን፣ ዝናሩን ያበጁትን፣ ጋሻውን የቀረጹትን ሰዎች ዜና እንናገራለን። ፈረሰኛው የታጠቀው የእነርሱን እጅ ሥራ ነውና።

በ1513 ዓ.ም. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ቄስ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ከንጉሡ ሰፈር ደረሰ። በድንኳኑም ፊት በሰንሰለት የታሰሩ አንበሶችንና በከበረ ልብስ የተሸፈኑ ፈረሶችን አይቶ ጻፈ። ከዚያም በፊት ሆነ ከዚያ ወዲህ የሰው ክብር በፈረሱና በበቅሎው ዕቃ ይታወቅ ነበር። ንጉሥ አንድን ሰው ሲሾም በቅሎዋን ከነኮርቻዋ፣ ጋሻውን ከነወርቁ ወይም ከነብሩ ይሰጠዋል፤ ተሿሚውም ያንን ይዞ በአደባባይ ሲያልፍ ሕዝቡ ማዕርጉን ከዕቃው ያነባል።

በ1628 ዓ.ም. ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ባደረጉ ጊዜ የእጅ ባለሙያ ሁሉ ወደዚያ ተሳበ። ፈረስ ከሰናርና ከዶንጎላ በኩል ይመጣ ነበር፤ በግቢው ውስጥ የዐፄ በካፋ የፈረስ ጋጥ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ጎንደር የመጻሕፍትም ከተማ ነበረች። የብራናው ገበታ በቀይ ቆዳ ተለብጦ፣ በእሳት በጋለ ብረት ሐረግና መስቀል ተደጉሶበት፣ በማኅደር ገብቶ በግድግዳ ይሰቀላል። እኔ እንደሚመስለኝ የመጽሐፍ ደጓሹና የኮርቻ ሠሪው ጥበብ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው። አንዱ ግን በቤተ ክህነት ጥላ ሥር ተከበረ፣ ሌላው ከሰፈር ዳር ተጣለ፤ ይህንንም ወደ ፊት እንናገራለን።

የሥራውም ሥርዓት እንዲህ ነው። የበሬው ቆዳ ተገፍፎ በችካል ይወጠርና ይደርቃል። ደግሞ በውኃ ይርሳል፤ የቀረው ሥጋና ስብ ይፋቃል፣ ጠጉሩም ይረግፋል። ልስላሴ የሚፈለግበት ቆዳ እንቧይ ይታሽበታል፤ ከግራር ልጣጭ በወጣ ቀይ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ቅባት እየጠጣ በእግር ይረገጣል፣ በእጅ ይታሻል። ይህ ሁሉ ብዙ ቀን ይፈጃል፣ ጉልበት ይጨርሳል፣ ሽታውም ከሰውየው ልብስ አይለቅም። ፋቂ ያለ ውኃ አይሠራምና ቤቱ ከወንዝ አጠገብ ነበር።

ለኮርቻ አጥንት ግን የለፋ ቆዳ አይሆንም፤ ጥሬው ይሻላል። አናጢው ከፊትና ከኋላ ከፍ ብለው የሚቆሙ ሁለት ቅስቶችንና በፈረሱ ጀርባ ግራና ቀኝ የሚያርፉ ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶችን ይጠርባል። አራቱ በጠፍር ይያያዛሉ። የፈረሱ አከርካሪ እንዳይቆስል መካከሉ ክፍት ይተዋል። ከዚያ ኮርቻ ሠሪው ጥሬውን ቆዳ እንደ ረጠበ በእንጨቱ ላይ ይጎትተዋል፣ በወስፌ እየበሳ በጅማት ይሰፋዋል፣ ጥላ ውስጥም ያስቀምጠዋል። ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተርና እንጨቱን አንቆ ይይዛል፤ አንድ ምስማር ሳይገባበት ፈረሰኛውንም ጦርነቱንም ይችላል። ባለሙያው የሚለየው በዚህ ነው፤ ፀሐይ ላይ ያደረቀው ይሰነጠቃል፣ አላልቶ የጎተተውም በሳምንቱ ይንቀጫቀጫል። በዚህ ላይ ቀይ የፍየል ቆዳ ይለበሳል፤ ባለጸጋ ያሠራው እንደ ሆነ ከፋይና የብር ፈርጥ ይጨመርበታል፣ በላዩም ግላስ ይነጠፋል። ከሥር ድብዳቡ፣ ከፊት ልጓሙና ዛቡ ሲገቡ ዕቃው ሞላ ይባላል።

እርካቡም ልዩ ነበረ። በቀድሞ ዘመን ፈረሰኛው ጫማ አያደርግምና እርካቡ ትንሽ የብረት ቀለበት ነበር፤ የሚገባበት የእግሩ አውራ ጣት ብቻ ነው። ሰውነቱን ሁሉ በዚያች ጣት ላይ አሳርፎ ጦር የሚወረውር ሰው፣ የእርካቡ ጠፍር ከልኩ ቢያጥር ወይም ቢረዝም ይወድቃል። ስለዚህ ኮርቻ ሠሪው ፈረሱን ብቻ ሳይሆን ጌታውንም ይለካ ነበር።

አፎት ሲሰፋ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ጋሻ በግራ እጅ ስለሚያዝ የሀገራችን ሰው ሾተሉንና ጎራዴውን በቀኝ ጎኑ ይታጠቅ ነበር፤ ብዙ የውጭ መንገደኞች ይህን አይተው ተደንቀው ጽፈዋል። አፎት ሰፊው ስለቱን ስብ ይቀባዋል፤ እርጥቡን ቆዳ በላዩ ይጠቀልልና የሾተሉን ጉብጠት እስኪይዝ ድረስ በእጁ ይጫነዋል። በስሉ ወገን ያለው ስፌት ካልጠበቀ ስለቱ ቆዳውን በልቶ የታጣቂውን ጭን ያገኛል፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ቆዳው ይደረባል። ጫፉ በናስ ይዘጋል። ቢላዋም፣ ጩቤም በዚሁ ሥርዓት ሰገባ ያገኛሉ። ኋላ ሽጉጥ በመጣ ጊዜ ማኅደሩን ለማበጀት ያስፈለገው ያው ጥበብ ነው፤ ብረቱ ተለወጠ እንጂ እርጥብ ቆዳ በብረት ላይ ቀርጾ ማድረቁ አልተለወጠም።

ጋሻ ከሁሉ ይከብዳል። ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ወፍራም ቆዳ ተቆርጦ፣ በውኃ ርሶ፣ መካከሉ ወደ ፊት እንዲያብጥ ሆኖ ይደርቃል። በጣና ዙሪያ የሚኖሩ ወይጦዎች ጉማሬ አዳኞች ነበሩና ከቆዳው ጋሻም አለንጋም ይሠራ ነበር።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ነገሡ። ንጉሡ የእጅ ሥራን የሚወዱ ሰው ነበሩ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ሰዎችን አስቀምጠው መድፍ አስወለዱ፤ ከባሕር ማዶም ጥበበኛ ይላክልን ብለው ጠየቁ። በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በትንሣኤ ማግሥት፣ ሰኞ፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በሰበረ ጊዜ ንጉሡ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንስሏ ለፕላውደን ስለ ተደረገው ደግነት ምስጋና ብላ በላከችው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ከአምባው የተዘረፈው ዕቃ በ15 ዝሆንና 200 በሚያህል በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ በዚያም ለጨረታ ቀረበ። መጻሕፍቱ ከነድጉሳቸውና ከነማኅደራቸው፣ ጋሻዎቹም ከነጌጣቸው ባሕር ተሻገሩ። ስለ መጻሕፍቱ ብዙ ተለቅሷል፤ ይገባልም። ነገር ግን በዚያ ቀን የተጫነው የደጓሾቻችንና የጋሻ ሠሪዎቻችን የብዙ ዘመን ሥራም ነበር።

በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ጦር በጉንደትና በጉራዕ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ድል ሆነ። ብዙ ረሚንግቶን ጠመንጃም ተማረከ። ከዚያ ወዲህ በባሩድና በእርሳስ የሚጎረሰው ጠመንጃ ቀርቶ፣ ጥይት የሚጎርሰው ስናድርና ውጅግራ በየወታደሩ እጅ በዛ። የቆዳ ሰፊውም ሥራ በዚህ ተገለበጠ። ጥይት የማይመልስ ጋሻ ከጦር መሣሪያነት ወደ ክብር ዕቃነት ዞረ፤ በፈንታው ሁሉም ዝናር ፈለገ። ዝናር ለማየት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቀለሄው ሲሮጡ እንዳይወድቅ፣ ሲተኩሱ ደግሞ በሁለት ጣት እንዲወጣ እያንዳንዱ ቤት በልኩ መሰፋት አለበት። ጠብቆ የሰፋ ሰፊ ወታደሩን ያስገድለዋል፤ አላልቶም የሰፋ እንዲሁ።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን ሆነ። በምጽዋ በኩል ከገባ ከብት የተነሣው ደስታ በሽታ የሀገሩን ከብት ጨረሰ፤ ከአሥሩ ዘጠኙ አለቀ ይባላል። የዱሩ ጎሽም በዚያው በሽታ ወደቀ። በመጀመሪያ ሜዳው ሁሉ በድን ነበር፤ ቀጥሎም የሚታረስበት በሬ፣ የሚፋቅም ቆዳ ጠፋ። የሰው ልጅ በረኃብ ባለቀበት ዘመን ስለ ቆዳ መናገር የሚከብድ ነው። ቢሆንም ይነገር፤ መሬት የሌለው፣ በእጁ ሥራ ብቻ እህል የሚገዛ ፋቂ ከብቱም ገበያውም ሲጠፋበት ከሁሉ በፊት ባዶ እጁን ቀረ።

በጥቅምት 1888 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ ዐፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ዘመቱ። ክፉ ቀን ካለፈ አራት ዓመት ብቻ ነበር። የካቲት 23 ቀን እሑድ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ በአድዋ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም በታሪክ ዘመን ዘዳግማዊ ምኒልክ ጽፈውታል። እኛ በዚህ የምንጨምረው አንድ ነገር ነው። ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው አምስት ወር ያህል ተጉዞ የደረሰው በቆዳ ነው። ስንቁ በስልቻና በአቁማዳ፣ ጭነቱ በመጫኛ፣ ጥይቱ በዝናር፣ ጎራዴው በአፎት፣ ፈረሰኛው በኮርቻ ሆኖ ሄደ። አንድ መጫኛ በሌሊት ገደል ላይ ቢበጠስ በቅሎዪቱም ስንቁም ይጠፋሉ። ድሉን ከአባቶቻችን የተቀበልን ሁሉ፣ ለሰፊዎቹ የሚገባቸውን ድርሻ መንሣት አይገባንም።

ሕዝቡ ግን ነሣቸው። ያው በዝናራቸው ታጥቆ የተዋጋው ሰው ሲመለስ ፋቂ ብሎ ሰደባቸው፤ ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ይበላሉ ብሎ ፈራቸው፤ ከእነርሱ ጋር ጋብቻ አይፈጽምም፣ በብዙ ቦታም ርስት አይሰጣቸውም። ኮርቻቸውን በገበያ ይገዛና ከቤታቸው ውኃ አይጠጣም። ይህ በደል ነበረ፤ ለስላሳ ስም ልንሰጠው አይገባም። ዐፄ ምኒልክም በጥር 1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነገሩ። ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን፣ ነጋዴውን፣ ገበሬውን በሥራው የሚሰድበውን ሕዝብ ገሠጹ፤ የሰው ልጅ ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ መሆኑን አስታወሱ፤ ከእንግዲህ ሠራተኛን የሚሰድብ እንደሚታሰር አሳወቁ። አዋጁ ትልቅ ነው፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ከዙፋን መውጣቱ ያስመሰግናል። ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልሞተም፤ የልጅ ልጆቻቸው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሰምተውታል።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ አውቶሞቢል ይዞ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ። በ1909 ዓ.ም. ባቡር ደረሰ። የቤተ መንግሥት ፈረሶች አለቃ ባልደራስ ይባል ነበርና በአዲስ አበባ በስሙ የተጠራው ሰፈር እስከ ዛሬ አለ፤ ፈረሱ ግን ከከተማው ጎዳና ቀስ በቀስ ወጣ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት በመርዝ ጢስና በአውሮፕላን በመጣ ጊዜ ፈረሰኛው ሜዳ ላይ መቆም አልቻለም። አርበኛው ግን አምስት ዓመት ሙሉ በዱር በገደሉ ዝናሩን ሳይፈታ ኖረ።

በ1932 ዓ.ም. የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር ተመሠረተ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ፈረሰኞች በሸለሙት ፈረስ ተቀምጠው ይሰበሰባሉ፤ በአድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን ያስባሉ፣ ጉግስና ሽርጥ ይታያል። በእኔ ግምት ኮርቻ የመሥራት ጥበብ በሀገራችን የሚተርፈው በቤተ መዘክር መስታወት ውስጥ ሳይሆን በእንዲህ ያለ ቦታ ነው። የሚጋልብ ካለ የሚሰፋ ይኖራልና።

በ2016 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደ ጋሻ በእንግሊዝ ሀገር በኒውካስል ለጨረታ ሊቀርብ ሲል ኢትዮጵያ ጠይቃ ከጨረታው እንዲወጣ ተደረገ። ያን ጋሻ የወሰደው ጦር ይታወቃል፤ የተወሰደበት ዓመትም ይታወቃል። የሠራው አይታወቅም።

አንባቢ ሆይ፣ በአያትህ ቤት ያረጀ ኮርቻ፣ አፎት ወይም ዝናር ተሰቅሎ እንደ ሆነ ከጢሱና ከፀሐዩ አውርደው፤ አቧራውን ጥረግና በቀጭኑ ዘይት አስነካው፤ የደረቀ ቆዳ ከተሰነጠቀ መልሶ አይገጥምምና። ከዚያም የሀገሩን ሽማግሌ ጠይቅ። ማን ሠራው፣ ከየትኛው ቀበሌ ነበር፣ የማን ልጅ ነበር፣ በምን ያህል ተገዛ በል። የነገሩህንም ስም ከነአባቱ ስም በወረቀት ጽፈህ ከዕቃው ጋር አኑር።