ከጭላዳ መንጋ መሃል

ጠጋ በሉና ስሙኝ። ወሩ ጥር ነው። ታኅሣሥ 29 ለገና ላሊበላን ያጥለቀለቃት ምእመን ወደየአገሩ ተበትኗል። ሰው ቁልቁል ወደ ውቅሮቹ ይወርዳል፤ እኛ ደግሞ ሽቅብ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተነሣን። ከተማዋ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ የተራራው ጫፍ ከ4,200 ያልፋል። የመሃሉን ዋጋ የሚከፍለው ጉልበት ነው።

በቅሎዋ ስንቁንና ብርድ ልብሱን ተሸክማለች፤ የተራራው ጠባቂ የሆነው ስካውት ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይመራናል። አሸተን ማርያምን ተሳልመን አለፍን። የገብሱ ማሳ እየሳሳ፣ ጎጆው እየተራራቀ ሄደ። መጨረሻው መንደር ላይ አንድ ሽማግሌ ከነውሻቸው ብቅ አሉ።

«ሌሊት ይጠብቃችኋል፤ ውሰዱት» አሉን።

«እግዜር ይስጥልኝ አባባ፤ ውሻ ግን ወደ ላይ አይወጣም» አለ ስካውቱ።

«የጓሳውን ሣር አትጨዱ አላችሁ፣ ከብቱን አታሰማሩ አላችሁ። ዛሬ ደግሞ ውሻዬ ተራው ደረሰ? ጅብ ቢመጣባችሁስ?»

«ጅቡን እኛ እንችለዋለን። ቀይ ቀበሮው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ከገባበት አይችለውም።»

ስካውቱ እውነቱን ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ የቀረው በጠቅላላው 500 ቢሆን ነው፤ አቡነ ዮሴፍ ላይ ያሉትም ጥቂት ናቸው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ባሌ፣ ወብ ሸለቆ ላይ ከውሻ የተጋባ በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷቸዋል። ሽማግሌው አጉረመረሙ፤ ግን ውሻቸውን ጠርተው አሰሩት።

ያን ሌሊት ውርጩ አጥንት ዘለቀ። ማለዳ የጀሪካኑ ውኃ በረዶ ሆኖ አገኘነው። ጅብራው እንኳ ቅጠሉን ወደ ውስጥ አጥፎ እምቡጡን ሸፍኖ ነው ያደረው። ዕድሜ ልኩን ጠብቆ አንዴ አብቦ የሚሞት ተክል ነውና ቢሳሳለት አይፈረድበትም።

ፀሐይ ስትወጣ ገደል ላይ ያደሩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ወደ ሜዳው ወጥተው ሣር መንጨት ጀመሩ። «ቁጭ በሉ፤ እነሱ ይምጡ» አለ ስካውቱ። ቁጭ አልን። ከአስታው ቁጥቋጦ ሥር ቀይ ቀበሮ ብቅ አለ። አልሮጠም፤ አንገቱን ደፍቶ እግሩን እየቆጠረ መንጋው መሃል ገባ። ግልገል ያዘለችው እናት እንኳ ቀና ብላ አይታው ወደ ሣሯ ተመለሰች። ውሻ ቢሆን ኖሮ መንጋው ሁሉ ገደሉን ይዞ በወረደ ነበር።

ነገሩን መንዝ ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች አጥንተውታል። ቀበሮው ጭላዳ መሃል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ከአራት አንዱ። ግልገል ቢነካ ያባርሩታል፤ ስለማይነካ ያስጠጉታል።

እንግዲህ ወደ አቡነ ዮሴፍ የምትወጡ፣ ውሻ አታስከትሉ፤ መንጋ ስታዩ አትሩጡ። አጥር የሌለው ተራራ የሚጠበቀው በእንግዳው ጠባይና ጓሳውን ሳያጭዱ በሚያሳድሩት ሽማግሌ ትዕግሥት ነው። ስትመለሱም ደጃቸው አረፍ በሉ፤ ውሻቸውን ያሰሩት ለእናንተ ሲሉ ነውና ቀበሮውን ማየታችሁን ንገሯቸው።