ስለ ሎንዶን የሥዕልና የልብስ ኤግዚቢሽኖች

(በራዲዮ የተነገረ)



ከመሥሪያ ቤታችን ለጉባኤ ወይም ለትምህርት ወደ ሎንዶን የተላከ ሰው፥ ሥራውን ፈጽሞ አንድ ቀን ዕረፍት ቢያገኝ ሁለት ነገሮች ይጠሩታል። አንደኛው ገበያው ነው፤ ለልጆቹ ጫማ፥ ለባለቤቱ ካፖርት፥ ለወዳጆቹም ጥቂት ስጦታ ይገዛ ዘንድ። ሁለተኛው ሥዕልና ልብስ፥ ወርቅና ብር፥ የቀደሙት ሰዎች የእጅ ሥራ ሁሉ በመስተዋት ውስጥ ተደርድሮ የሚታይበት ቤተ መዘክር ነው። ብዙዎቻችን ወደ ፊተኛው እንቸኩላለን፤ ሁለተኛውን ግን «ጊዜ ከተረፈ» ብለን እናቆየዋለን፤ ጊዜም አይተርፍም። ዛሬ ልንነግራችሁ ያሰብነው፥ ይህ ዛሬ በቀላሉ የምናልፈው በር ለሕዝብ የተከፈተው በስንት ድካም እንደ ሆነ፥ ደግሞም ከመስተዋቱ በስተጀርባ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚናገር አንድ ልብስ መኖሩን ነው። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በእንግሊዝ አገር ጥሩ ሥዕልና ያማረ ዕቃ ለረጅም ዘመን የነገሥታትና የመኳንንት የግል ሀብት ነበር። በ1768 ዓ.ም. በንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ፈቃድ ሮያል አካዳሚ የተባለው የሠዓሊዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ በሚከተለውም ዓመት የመጀመሪያውን የሥዕል ትርኢት ከፈተ። ይህ ትርኢት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በጦርነትም ሆነ በሰላም አንድ ዓመት እንኳ ሳይቋረጥ እስከ ዛሬ መዝለቁ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን መግቢያው አንድ ሽልንግ ነበር። ማኅበሩም ገንዘብ የሚያስከፍልበትን ምክንያት አልሸሸገም፤ አዳራሹ ሊገቡበት በማይገባቸው ሰዎች እንዳይሞላ ሌላ መላ አላገኘንም ሲል ለሕዝብ ገለጸ። እንግዲህ ሽልንጉ ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ አጥርም ነበር ማለት ነው።

በ1759 ዓ.ም. የተከፈተው ብሪቲሽ ሙዚየም ደግሞ ገንዘብ አያስከፍልም ነበር። ይሁን እንጂ ሊጎበኝ የፈለገ ሰው አስቀድሞ በጽሑፍ ማመልከት፥ ስሙንና ማንነቱን ማስመዝገብ፥ ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስም መጠበቅ ነበረበት። ፈቃዱ በተገኘ ጊዜም ጎብኚዎቹ በትንሽ በትንሽ ጓድ ተከፍለው በመሪ እየተነዱ በጥድፊያ ያልፉ ነበር። እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች የማመልከቻን ነገር በሚገባ ስለምናውቀው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። በሕግ የተከፈተ በር በአሠራር ሊዘጋ ይችላል።

ይህን ልማድ ያናወጠው በ1851 ዓ.ም. በሎንዶን የተደረገው ታላቁ ኤግዚቢሽን ነው። የንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርትና ሄንሪ ኮል የተባለው ብርቱ የመንግሥት ሠራተኛ አሳቡን አቀረቡ፤ ጆሴፍ ፓክስተን የተባለው የአትክልት ዐዋቂ ደግሞ ለተክል መጠለያ ይሠራ ከነበረው የመስተዋት ቤት ትምህርት ወስዶ፥ ከብረትና ከመስተዋት ብቻ የተሠራ የሚመስል፥ ርዝመቱ ከ560 ሜትር የሚበልጥ ሕንፃ በሃይድ ፓርክ አቆመ። ሕዝቡም «የብርሌ ቤተ መንግሥት» እንደ ማለት ክሪስታል ፓላስ አለው። ከልዩ ልዩ አገሮች የመጣ ከ100000 በላይ ዕቃ በውስጡ ተዘረጋ፤ ከከባዱ የእንፋሎት መኪና ጀምሮ እስከ ሐር ጨርቅና እስከ ዳንቴል ድረስ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የመግቢያው ዋጋ ለባለጠጎች ብቻ የሚቻል ነበር። ከግንቦት ወር መጨረሻ ጀምሮ ግን በሳምንቱ በተወሰኑ ቀኖች ዋጋው ወደ አንድ ሽልንግ እንዲወርድ ተወሰነ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሹማምንት ፈሩ። ተራው ሕዝብ በብዛት ቢገባ ዕቃውን ይሰብራል፥ ይሰርቃል፥ ሁከትም ያነሣል ተባለ፤ ፖሊስና ወታደርም እንዲዘጋጅ ተደረገ። ቀኑ ደረሰ፤ ሕዝቡም ንጹሕ ልብሱን ለብሶ፥ ስንቁን ይዞ፥ ልጆቹን በእጁ እየመራ ገባ፤ አይቶም በሰላም ወጣ። ከ80 ዓመት በላይ የሆናት ሜሪ ካሊናክ የምትባል አንዲት አሮጊት ከአገሪቱ ምዕራባዊ ጫፍ ተነሥታ ከ400 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በእግሯ መጥታ ኤግዚቢሽኑን ማየቷ በጊዜው ጋዜጣ ተጽፏል። ትርኢቱ በጥቅምት ወር እስኪዘጋ ድረስ 6 ሚሊዮን ያህል ጊዜ ተጎበኘ። ሹማምንቱ የፈሩት ሁከት አልደረሰም፤ ከወጪ የተረፈው ትርፍ ግን 186000 ፓውንድ ያህል ሆነ።

በዚህ ትርፍ በደቡብ ኬንሲንግተን ሰፊ መሬት ተገዛ፤ በ1857 ዓ.ም. በዚያ ስፍራ ሙዚየም ተከፈተ። ሄንሪ ኮልም የሙዚየሙ መሪ ሆኖ አንድ ታላቅ ነገር አስተዋለ። ቀኑን ሙሉ በሥራ የሚውል ሰው ሙዚየም ሊያይ የሚችለው በማታ ነው። ስለዚህ በጋዝ መብራት አዳራሾቹን አብርቶ በሳምንቱ በተወሰኑ ምሽቶች ክፍት አደረገ፤ የምግብና የሻይ ክፍልም አዘጋጀ፤ ያለ ክፍያ የሚገባባቸውንም ቀኖች ለየ። ምኞቱ ሠራተኛው ከመጠጥ ቤት ይልቅ ከነቤተሰቡ ወደ ሙዚየም እንዲያመሽ ነበር። ይህ ቤት ከ1899 ዓ.ም. ጀምሮ በንግሥቲቱና በባሏ ስም ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ይባላል። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ቋሚ አዳራሾቹ ያለ ክፍያ ይጎበኛሉ፤ ለልዩ ትርኢት ብቻ ዋጋ ይከፈላል።

ሥዕል በዚህ ዓይነት ለሕዝብ ቢገለጥም ልብስ ግን ገና አልተከበረም ነበር። ሙዚየሙ የሽመናውን ጥበብ ለማስተማር ጨርቅ ይሰበስብ ነበር፤ ሰው የለበሰውን ልብስ እንደ ልብስነቱ ማሳየትን ግን ብዙ ሊቃውንት እንደ ቀላል ነገር፥ እንደ ሴቶችም ጨዋታ ይቆጥሩት ነበር። በ1913 ዓ.ም. ሃሮድስ የተባለው ትልቅ የንግድ ቤት ታልቦት ሂዩዝ የተባለ ሠዓሊ የሰበሰባቸውን ከ1000 በላይ የሆኑ የጥንት ልብሶችና ጌጣ ጌጦች ገዝቶ ለሙዚየሙ በስጦታ ሰጠ። ልብሶቹም ወደ ሙዚየሙ ከመግባታቸው በፊት በንግድ ቤቱ ውስጥ ለሕዝብ ታይተው ነበር። ስለዚህ ልብስን ወደ ሙዚየም አዳራሽ በማስገባት ረገድ ነጋዴው ለሊቁ መንገድ ከፈተለት ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ልብስ ቀላል ነገር አለመሆኑን የሎንዶን ሕዝብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተማረ። ከ1941 እስከ 1949 ዓ.ም. ልብስ በኩፖን ብቻ ይሸጥ ነበር። ጦርነቱ ባለቀ ማግስት፥ በ1946 ዓ.ም.፥ ንብረቱ በአደጋ ምክንያት ወደ ሌላ ስፍራ ተወስዶ አዳራሹ ባዶ በሆነው በዚያው በቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም «ብሪታንያ ልትሠራው ትችላለች» የሚል ስም የተሰጠው የፋብሪካ ሥራ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ከ1 ሚሊዮን 400 ሺህ በላይ ሰው ረጅም ሰልፍ እየቆመ አየው። አዲስ ቀሚስ፥ አዲስ ካፖርት፥ አዲስ ወንበር ነበረ፤ ነገር ግን አብዛኛው ወደ ውጭ አገር ተሽጦ ለመንግሥት ገንዘብ እንዲያስገባ የታሰበ ስለ ነበረ ሕዝቡ ሊገዛው አልቻለም። ስለዚህ ቀልደኞች ስሙን ለውጠው «ብሪታንያ ልታገኘው አትችልም» አሉት። በተጠገነ ካፖርት ሰልፍ የቆመው ያ ሕዝብ ሊገዛው የማይችለውን ልብስ ለማየት የመጣው፥ መከራው የሚያልፍበት ቀን መኖሩን በዓይኑ ለማረጋገጥ ይመስለናል።

በ1971 ዓ.ም. ሴሲል ቢተን የተባለው ታዋቂ ፎቶግራፍ አንሺ፥ ጥሩ በመልበስ የታወቁትን እመቤቶች እየጠየቀ የሰበሰባቸውን የዘመኑን ልብሶች በሙዚየሙ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የልብስ ትርኢት ክብሩ እየጨመረ ሄደ። በ2015 ዓ.ም. የልብስ ነዳፊው የአሌክሳንደር ማክዊን ሥራ በታየ ጊዜ ከ490000 በላይ ሰው ጎበኘው፤ በመጨረሻዎቹም ቀኖች ሙዚየሙ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ሆኖ እስከ ማደር ደረሰ። በ2019 ዓ.ም. የፈረንሳዊው የክርስቲያን ዲዮር ልብሶች ሲታዩ ደግሞ የጎብኚው ቍጥር ወደ 595000 ተጠጋ። በጋዝ መብራት የተጀመረው የሄንሪ ኮል ምሽት እዚህ ደረሰ።

አሁን፥ ክቡራን አንባብያን፥ በመጀመሪያ ወደ ጠቀስነው ልብስ እንመለስ።

ከሚያዝያ 2018 እስከ ሰኔ 2019 ዓ.ም. ድረስ፥ ሕዝቡ ለዲዮር ቀሚሶች ሰልፍ በሚቆምበት በዚያው ሙዚየም «መቅደላ 1868» የሚባል ትንሽ ትርኢት ይታይ ነበር። በውስጡም የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ነበሩ፤ እነዚህም በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ተሠርተው ለጎንደር ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን እንደ ተሰጡ ይታመናል። ከእነዚህ ጋር አንድ በሐር ጥልፍ ያጌጠ የጥጥ ቀሚስ ነበረ። የቀሚሱ ባለቤት የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት፥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፥ እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው፤ በእንግሊዞች መዝገብ ጥሩነሽ ተብለው ይጠራሉ።

ታሪኩን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፥ የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ሲይዝ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ራሳቸውን ሠዉ። ከአምባው የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ በዚያም በሐራጅ ተሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየምም ከጦሩ ጋር አስቀድሞ የላከው ሰው ነበረና ከገዢዎቹ አንዱ እርሱ ሆነ። እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕሩ ጠረፍ ሲጓዙ በመንገድ ታመው ዐረፉ፤ በትግራይም በጨለቆት ተቀበሩ። የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በ1879 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ። የእናቱ ቀሚስ ወደ ሙዚየሙ የገባው በ1869 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ልጁ በሕይወት ሳለ፥ በዚያው አገር ሳለ ነው።

ቀሚሱን የሚያይ እንግዳ የጥልፉን ውበት ያደንቃል፤ ማድነቁም ተገቢ ነው። እኛ ግን ስናየው አንዲት እናትና አንድ ልጅ ይታዩናል።

በዚህ ነገር እንግሊዞች ሁሉ አንድ ልብ አልነበሩም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስቶን በ1871 ዓ.ም. በፓርላማ ተነሥተው ዘውዱና ጽዋው ከኢትዮጵያ በመምጣታቸው ማዘናቸውን ተናግረዋል። ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘውዶች አንዱ በ1925 ዓ.ም. ለንግሥት ዘውዲቱ ተመልሷል፤ ንግሥት ኤልሳቤጥም በ1965 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲጎበኙ የንጉሠ ነገሥቱን ቆብና ማኅተም ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልሰዋል። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ የሎንዶን ሙዚየም ከዐፄ ቴዎድሮስ ራስ የተቈረጠውን ጠጕር መልሷል። ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ግን በ1983 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ንብረቱን ለሌላ ከማስተላለፍ ስለሚያግደው፥ በ2018 ዓ.ም. መሪው ዕቃዎቹን ለረጅም ጊዜ በውሰት ወደ ኢትዮጵያ የመላክ አሳብ አቀረቡ። በእኛ በኩል ደግሞ የራስን ንብረት መዋስ እንዴት ይሆናል የሚል ጥያቄ ተነሣ። ክርክሩ አላለቀም። ነገር ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ አንድን ዕቃ «የእኔ ነው» ብሎ ለመጠየቅ አስቀድሞ ማወቅ፥ ለማወቅም ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ወደ ሎንዶን የምትሄዱ ሁሉ ወደ ሙዚየሙ ስትገቡ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ እንድትገቡ እንመክራችኋለን። ይህን ማን ሠራው? ማን ለበሰው፥ ማንስ ተገለገለበት? ወደዚህስ እንዴት መጣ? በእያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ፤ የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን የሚያልፈውንም አስተውሉ። ሁሉንም በአንድ ቀን ልየው ብላችሁ አትሩጡ፤ አንድ አዳራሽ በሚገባ ያየ ሰው አሥር አዳራሽ በጥድፊያ ካለፈው ይልቅ ያተርፋል።

በመጨረሻ፥ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዳይሆንብን ወደ ቤታችንም እንመልከት። በስድስት ኪሎ፥ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፥ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለ፤ ከዚያ ዝቅ ሲባል ብሔራዊ ሙዚየም አለ። በየቤታችንም ሣጥን ውስጥ የአያቶቻችን ጥበብ ቀሚስ፥ በርኖስና ካባ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ማን እንደ ፈተለው፥ ማን እንደ ጠለፈው፥ ለየትኛው ሠርግ ወይም ሹመት እንደ ተለበሰ የሚያውቁት አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ጠይቀን በወረቀት ብንጽፈው፥ የነገ ልጆቻችን የእኛን ታሪክ ከባዕድ አገር የመስተዋት ሣጥን ለመልቀም አይገደዱም። ይህን ለማድረግ ፓስፖርትም ሆነ አበል አያስፈልግም፤ የአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ደኅና ሰንብቱ።