«አዋ» እና «አባት»፦ የቃሉ ትርጉምና አመጣጥ

በቦምቤና በአካባቢዋ የሚያድግ የወላይታ ልጅ የአባቱ መጠሪያ በፊደላችን ሲጻፍ «አዋ» ይሆናል። የአማርኛው «አባት» ከግዕዙ «አብ» ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን፣ ዐረብኛና ዕብራይስጥም ይኸንኑ ሥር ይጋራሉ። ትርጉሙም ከወላጅነት አልፎ «የነፍስ አባት»፣ «የክርስትና አባት» እስከ ማለት ይሰፋል። የግዕዙ ብዙ ቁጥር «አበው» ከ«አዋ» ጋር ስለሚቀራረብ አንዱ ከሌላው ተገኘ ለማለት ያስቸኩላል። ነገር ግን ወላይትኛ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች ወገን ነው፤ ሕፃናት አስቀድመው በሚያወጧቸው ድምፆች የተሠሩ መጠሪያዎችም በማይዛመዱ ቋንቋዎች መካከል ሳይቀር ይመሳሰላሉ። በቱርክኛም በቻይንኛም አባት «ባባ» መባሉ ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

ለመምህሩ ከአመጣጡ ይልቅ የሚከብደው አጻጻፉ ነው። በወላይትኛ የመጀመሪያው አናባቢ ሲረዝም ቃሉ አባት፣ ሲያጥር ፀሐይ ማለት ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛን በግዕዝ ፊደል ሲያስተምር፣ ፊደሉ በተለመደው አጻጻፍ ርዝመትን ስለማይለይ ሁለቱ ቃላት ሊምታቱ ይችሉ ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የወላይትኛ መማሪያ መጽሐፍ በላቲን ፊደል ይዘጋጃል፤ ረጅሙ አናባቢም ተደግሞ ይጻፋል። ችግሩ በዚህ ተቃለለ። በዘመቻው ፊደል የቆጠረ አባት ግን የራሱን መጠሪያ በልጁ መጽሐፍ ውስጥ ለማንበብ ሌላ ፊደል መማር ነበረበት።