የማይረጋ ደም፦ የቫይታሚን ኬ ታሪክ

የቫይታሚን ኬ ታሪክ የሚጀምረው ኮፐንሀገን ውስጥ ለምርምር ከተቀለቡ ጫጩቶች ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዴንማርካዊው የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ሄንሪክ ዳም አንድ ጥያቄ ነበረው፤ ጫጩት ኮሌስትሮልን በገዛ አካሏ ትሠራለች ወይስ ከምግብ ታገኛለች? ይህን ለማወቅ የጫጩቶቹን መኖ ስብ በሚያሟሟ ፈሳሽ አጥቦ ኮሌስትሮሉን አስወገደ። በዚያን ጊዜ ይታወቁ የነበሩትን ቫይታሚን ኤ እና ዲ ግን መልሶ ጨመረላቸው። ጫጩቶቹ ኮሌስትሮልን ራሳቸው እንደሚሠሩ አረጋገጠ፤ ጥያቄው ተመለሰ። ነገር ግን ሁለት ሦስት ሳምንት በዚህ መኖ የቆዩት ጫጩቶች በቆዳቸው ሥር፣ በጡንቻቸውና በውስጥ አካላቸው ይደሙ ጀመር። ለምርመራ የተቀዳ ደማቸውም ቶሎ አልረጋም። ዳም ይህን በ1929 አሳተመ።

በመጀመሪያ የተጠረጠረው ስከርቪ ነበር። የድድ መድማትና የቆዳ መበለዝ ከቫይታሚን ሲ እጥረት ጋር እንደሚያያዝ ሐኪም ሁሉ ያውቃል። ይሁን እንጂ የሎሚ ጭማቂ ጫጩቶቹን አላዳነም። ኮሌስትሮሉን መመለስም፣ ዘይት መጨመርም ለውጥ አላመጣም። የፈየዱት አረንጓዴ ቅጠል፣ የአሳማ ጉበትና አንዳንድ የእህል ፍሬዎች ነበሩ። ስለዚህ መኖው ሲታጠብ ከስቡ ጋር አብሮ የወጣ፣ እስከዚያ ስም ያልተሰጠው ነገር መኖር ነበረበት። በ1935 ዳም «ቫይታሚን ኬ» አለው። ኬ የተባለችው ፊደል በሌላ ቫይታሚን ስም ገና አልተያዘችም ነበር፤ በዴንማርክኛና በጀርመንኛ ደግሞ የደም መርጋት መጠሪያ የሆነው «ኮአጉላሲዮን» የሚጀምረው በእርሷ ነው።

ያንኑ የደም መፍሰስ ሌሎችም አይተውታል። በካናዳ ኦንታሪዮ ስቡ በወጣለት የዓሣ ዱቄት የተቀለቡ ጫጩቶች በ1931 ደምተው ነበር። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ደግሞ ሁለት ተመራማሪዎች በ1933 ትኩስ ጥቅል ጎመን እንደሚያድናቸው አይተው፣ ነገሩን ለቫይታሚን ሲ ሰጥተው አለፉ። እዚያው በርክሌይ የነበረው ኸርማን አልምኲስት ግን አላለፈውም። የዓሣው ዱቄት ርሶ ሲበሰብስ ጫጩቶቹን የሚያድን ኃይል ያበጃል፤ ትኩስ ሆኖ ቶሎ ሲደርቅ ግን ያ ኃይል የለውም። ብስባሹን ፈዋሽ ያደረገው ባክቴሪያ ነው ማለት ነው። ቫይታሚኑ በሁለት መልክ እንደሚገኝ፣ አንደኛውን ቅጠል ሌላውን ባክቴሪያ እንደሚሠራው የሚያመለክተው የመጀመሪያው ፍንጭ ይህ ነበር። አልምኲስትና ባልደረባው ሮበርት ስቶክስታድ የጻፉት ጽሑፍ አንድ መጽሔት ሳይቀበለው ቀርቶ፣ ከዳም ጥቂት ሳምንታት ዘግይቶ በ«ኔቸር» ታተመ። በኋላ የኖቤል ሽልማት በመጣ ጊዜ አልምኲስት አለመታሰቡ ዛሬም ቅር ያሰኛል፤ ሥራው ከዳም ሥራ ጎን ለጎን ሊቆም የሚችል ነበርና።

በ1939 የሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲው ኤድዋርድ ዶይሲ አንደኛውን ዓይነት፣ ኬ1ን፣ ከአልፋልፋ፤ ሁለተኛውን፣ ኬ2ን፣ ከበሰበሰ የዓሣ ዱቄት ነጥሎ አወጣ። በዚያው ዓመት ኬ1 በላቦራቶሪ ተሠራ። የ1943ቱ የኖቤል ሽልማት በሕክምና ዘርፍ ለዳምና ለዶይሲ ተሰጠ። ዳም በዚያን ጊዜ አሜሪካ ነበር፤ በ1940 ለትምህርታዊ ንግግር እንደሄደ ጀርመን አገሩን ስለያዘች መመለስ አልቻለም።

ግኝቱ ከጫጩት ወደ ሰው ለመሻገር ብዙ አልቆየም። ሐኪሞች የሐሞት ቧንቧቸው ተዘግቶ የወፍ በሽታ የያዛቸው ሰዎች በቀዶ ሕክምና ጊዜ ደማቸው አልቆም እያለ እንደሚሞቱ ከድሮ ያውቁ ነበር፤ ምክንያቱን ግን አያውቁም። ቫይታሚን ኬ በስብ የሚሟሟ ነው፤ ስብ ያለ ሐሞት ወደ ሰውነት በደንብ አይገባም፤ ስለዚህ ሐሞቱ አንጀት ካልደረሰ ምግቡ የቱንም ያህል ቅጠል ቢበዛበት ቫይታሚኑ ሳይወሰድ ያልፋል። በ1938 በአዮዋና በማዮ ክሊኒክ የነበሩ ሐኪሞች ቫይታሚኑን ከሐሞት ጨው ጋር ለእንደነዚህ ያሉ ሕሙማን ሰጡ፤ ደማቸውም ይረጋ ጀመር።

ታሪኩ ሌላ ምንጭም አለው፤ ይህኛው ከከብት በረት ይነሣል። በካናዳዋ አልበርታና በአሜሪካዋ ሰሜን ዳኮታ የሰፈሩ ገበሬዎች ስዊት ክሎቨር የተባለ የመኖ ተክል ይዘሩ ነበር፤ በደካማ አፈር ላይ ይበቅላል፤ ሽታውም ደስ ይላል። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ድርቆሹ እርጥበት እያገኘው ሲሻግት ከብቶቹ በማይታወቅ በሽታ ያልቁ ጀመር። ቀንዱ የተቆረጠ ወይም የተኮላሸ ወይፈን ደሙ ሲፈስ አድሮ ይሞታል። ነገሩን መጀመሪያ የፈታው የኦንታሪዮው የእንስሳት ሐኪም ፍራንክ ስኮፊልድ ነበር። ከአንድ የድርቆሽ ክምር ጤነኛውን አገዳ ከሻጋታው ለይቶ ለጥንቸሎች ሰጠ፤ ጤነኛውን የበላችው ተረፈች፤ የሻገተውን የበላችው ሞተች። ቀጥሎ በሰሜን ዳኮታ ሊ ሮደሪክ በታመሙት ከብቶች ደም ውስጥ የጎደለው ፕሮትሮምቢን የተባለ የማርጊያ ፕሮቲን መሆኑን አሳየ።

በየካቲት 1933 አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ የሞተች ጊደር፣ የማይረጋ ደም የሞላበት የወተት ጣሳና የሻገተ ድርቆሽ ጭኖ፣ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ማዲሰን ደረሰ። ዕለቱ ቅዳሜ በመሆኑ ክፍት ሆኖ ያገኘው የባዮኬሚስቱን የካርል ሊንክን ላቦራቶሪ ነበር። ሊንክ በዚያ ቀን ለገበሬው ሊሰጠው የሚችለው ምክር ድርቆሹን መተው እንጂ ሌላ አልነበረም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ያህል መርዙን ፈለገ። በ1939 ተገኘ። ለተክሉ ጣፋጭ ሽታውን የሚሰጠው ኩማሪን ድርቆሹ ሲሻግት ወደ ዳይኩማሮል ይለወጣል፤ ዳይኩማሮል ደግሞ የቫይታሚን ኬን ሥራ ያግዳል። ማርከሻውም ራሱ ቫይታሚን ኬ ሆነ። ጫጩቶቹ ቫይታሚኑን አጥተው ደሙ፤ ከብቶቹ በመኖአቸው ውስጥ ቢያገኙትም ሊጠቀሙበት ባለመቻላቸው ደሙ።

የሊንክ ቡድን ከዳይኩማሮል ዘመዶች አንዱን መርጦ በ1948 የአይጥ መርዝ አድርጎ አወጣው። ምርምሩን በገንዘብ ከደገፈው የዊስኮንሲን ተቋም የእንግሊዝኛ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ተነሥቶም ዋርፋሪን ተባለ። በ1951 አንድ የአሜሪካ ወታደራዊ ምልምል ራሱን ለማጥፋት ይህን መርዝ ደጋግሞ ወስዶ፣ በቫይታሚን ኬ ታክሞ ሙሉ በሙሉ ዳነ። ሐኪሞች መርዙን ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት አድርገው ለሰው ለመስጠት ድፍረት ካገኙባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነበር። በ1954 ለሕክምና ተፈቀደ፤ በሚቀጥለው ዓመት የልብ ሕመም ለደረሰባቸው ለፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ተሰጠ።

ቫይታሚኑ በአካል ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን እስከ 1974 አልታወቀም። በዚያ ዓመት የስዊድኑ ዮሃን ስቴንፍሎና በሌላ ላቦራቶሪ የነበረው ጋሪ ኔልሰስቱየን የጤነኛ ላምን ፕሮትሮምቢን ዳይኩማሮል ከተሰጣት ላም ፕሮትሮምቢን ጋር አስተያዩ። የሁለተኛዋም ላም ጉበት ፕሮቲኑን ይሠራል፤ የጎደለው ማጠናቀቂያው ነው። በጤነኛው ፕሮቲን ውስጥ ግሉታሚክ አሲድ በተባሉት ክፍሎች ላይ አንድ አንድ የካርቦክሲል ቡድን ተጨምሯል፤ ካልሲየምን የሚይዘውም ይህ ጭማሪ ነው። ካልሲየሙ ፕሮቲኑን በቆሰለው ሥር ላይ ያጣብቀዋል፤ ደሙም እዚያው ይረጋል። ጭማሪውን የሚያስችለው ቫይታሚን ኬ ነው። ቫይታሚኑ አንዴ ከሠራ በኋላ እየታደሰ ደጋግሞ ያገለግላል፤ ዋርፋሪን የሚያቋርጠው ይህን እድሳት ነው። እንዲህ ከሚጠናቀቁት ፕሮቲኖች መካከል ደም ከልክ በላይ እንዳይረጋ የሚጠብቁም መኖራቸው ቆይቶ ታወቀ።

ሰው ቫይታሚኑን በብዛት የሚያገኘው ከአረንጓዴ ቅጠል ነው። የአሜሪካ የሥነ ምግብ መመዘኛ ለአዋቂ ወንድ በቀን 120፣ ለሴት 90 ማይክሮግራም ይላል፤ ግማሽ ኩባያ የበሰለ ቆስጣ ወይም ስፒናች ከዚህ በላይ ይሰጣል። ባዶውን ከተቀቀለ ቅጠል ሰውነት የሚወስደው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ጎመን በዘይት ወይም በቅቤ መሠራቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም። ከቫይታሚን ኤ በተለየ ኬ በሰውነት ውስጥ ብዙ አይከማችም፤ በየጊዜው መበላት አለበት። ያም ሆኖ የአዋቂዎች እጥረት ብርቅ ነው። የሚታየው በአብዛኛው የሐሞት፣ የጉበት ወይም የአንጀት ሕመም ባለባቸው፣ ወይም አንቲባዮቲክ ለረጅም ጊዜ በወሰዱ ሰዎች ላይ ነው። የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ኬ2 ቢሠሩም፣ ከዚያ ወደ ደም የሚገባው ብዙ አይደለም።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሕመምተኛ ጉዳይ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። በኢትዮጵያ ከቁርጥማት ትኩሳት በመጣ የልብ ሕመም ምክንያት ሰው ሠራሽ የልብ ቧልቧ የተተከለላቸው ወጣቶች መድኃኒቱን ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ። የጎመኑ መጠን በድንገት ሲጨምር መድኃኒቱ ይደክማል፤ በድንገት ሲቀንስ ይበረታል፤ ሁለቱም አደገኛ ናቸው። በጾም ጊዜ ቅጠል የሚያበዛ፣ በፍስክ የሚተው ሰው ይህን ለሐኪሙ መናገር ይኖርበታል። ጎመንን ጨርሶ መከልከል ግን አያስፈልግም፤ የሚፈለገው መጠኑ ከሳምንት ሳምንት እንዳይዋዥቅ ነው።

በ1970ዎቹ አጋማሽ በአጥንት ውስጥ ኦስቲዮካልሲን የተባለ በቫይታሚን ኬ የሚጠናቀቅ ፕሮቲን ታወቀ፤ በ1983 ደግሞ ሌላ ተጨመረ። ይህ ሁለተኛው የሌላቸው አይጦች የደም ሥሮቻቸው እንደ አጥንት ጠጥረው በሁለት ወር ውስጥ እንደሚሞቱ በ1997 ታየ። በኬ2 በበለጸገው የጃፓኖች ናቶ፣ ማለትም በተቦካ አኩሪ አተር፣ ላይ ብዙ ጥናት የተካሄደው በዚህ ምክንያት ነው። የቫይታሚን ኬ እንክብል የአጥንት ስብራትንና የልብ ሕመምን ይቀንሳል የሚለው ግን በሰዎች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች አንድ ዓይነት ውጤት አላገኘም፤ ነጋዴው የሚያወራለትን ያህል ማመን አይገባም።

ቫይታሚኑ ብዙ ሕይወት ያተረፈው በጨቅላዎች ዘንድ ነው። በ1894 የቦስተኑ ሐኪም ቻርልስ ታውንሴንድ በተወለዱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከእትብት፣ ከአንጀት፣ ከቆዳ ሥር የሚደሙ 50 ሕፃናትን መዝግቦ ጻፈ። ቫይታሚን ኬ ከእናት ወደ ፅንስ በእንግዴ ልጁ በኩል የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ የአዲስ ሕፃን አንጀት ባክቴሪያ ገና አላፈራም፤ የእናት ጡት ወተትም በሌላው ሁሉ ምሉዕ ሲሆን ቫይታሚን ኬው ግን አነስተኛ ነው። ይህ የእናት ጥፋት አይደለም፤ ጡት ማጥባትን የሚያስተውም አይደለም። ስዊድናዊው ዮርገን ሌማን በ1944 ለ13,000 ሕፃናት አስቀድሞ ስለተሰጠ ቫይታሚን ጽፏል። በ1950ዎቹ ግን ሰው ሠራሹ የቫይታሚን ኬ ዓይነት፣ ሜናዲዮን፣ በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ የጨቅላዎችን ቀይ የደም ሴል አፍርሶ፣ ይህ ያመጣው ቢጫነት አንጎል እስኪጎዳ አደረሰ። ከዚያ በኋላ ወደ ኬ1 ተዞረ፤ መጠኑም አነሰ። በ1961 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለተወለደ ሕፃን ሁሉ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊግራም እንዲሰጥ መከረ።

በ1992 ከብሪስቶል የወጣ ጥናት ለሕፃናት የሚሰጠውን የቫይታሚን ኬ መርፌ ከልጆች ካንሰር ጋር አያያዘ። ወላጆች ደነገጡ፤ በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ብዙ ሆስፒታሎች መርፌውን ትተው ወደ አፍ ጠብታ ዞሩ። በሚቀጥለው ዓመት ስዊድን ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናትን መርምራ ግንኙነት አላገኘችም፤ ሌሎች ሰፊ ጥናቶችም ጥርጣሬውን አላጸኑትም። መርፌው ሲቀር የሚከተለው ግን እውነተኛ ነው። ጡት ብቻ የሚጠቡ፣ ጤነኛ የሚመስሉ ሕፃናት ከሁለተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ባለው ጊዜ ድንገት ይደማሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚደማው አንጎላቸው ነው። ቫይታሚኑን ካላገኙ 100,000 ሕፃናት መካከል ከ4 እስከ 7 ያህሉን ይነካል፤ የተረፉትም ብዙዎቹ ከአንጎል ጉዳት ጋር ይቀራሉ።

በኢትዮጵያ የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ መርፌው ከመሠረታዊ እርምጃዎች አንዱ ነው። አዋላጅዋ ሕፃኑን ካደረቀች፣ ከእናቱ ገላ ካስጠጋችና ጡት ካስያዘች በኋላ፣ ዐይኑን ቴትራሳይክሊን ቀብታ 1 ሚሊግራም ቫይታሚን ኬ ጭኑ ላይ ትወጋዋለች።