የቀኙ የልብ ክፍልና የሽቦው ታሪክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን ሸለቆ በመሻገር በደጀን በኩል ደብረ ማርቆስ ለሚደርስ መንገደኛ ርቀቱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ጉዞ በሰዓት ይቈጠራል፤ ምቱ ተዛብቶ ደም መርጨት ያቆመ ልብ ግን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይታገሣል። ስለሆነም ለጎጃም ደገኛ ሕመምተኛ የመንገድ መሻሻል ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

ከሆስፒታል አጠገብ የሚኖርም ሰው ቢሆን ከዚህ አደጋ አያመልጥም። ሚሸል ሚሮውስኪ የተባለው ሐኪም፣ አለቃው በ1966 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በልብ ምት መዛባት ከሞቱ በኋላ፣ ምቱን በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚያስተካክለው መሣሪያ በሰው አካል ውስጥ ይተከል ዘንድ ዐሰበ። ሐሳቡም በ1980 በባልቲሞር ከተማ ተፈጸመ።

አደገኛው ምት በብዛት የሚነሣው፣ በድንገተኛ የልብ ሕመም ጊዜ ደም ተቋርጦበት ከሞተ ጡንቻ ጠባሳ ነው። ጠባሳው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በግራው ቬንትሪክል፣ ማለትም በታችኛው የልብ ክፍል ሲሆን፣ ዛሬ የተለመደው ሽቦ የሚገባው ግን በቀኙ ነው። ደም መልስ ሥሮች ወደ ቀኝ ስለሚያመሩ ደረትን መክፈት አያስፈልግም፤ በግራ ቢገባ ደግሞ በሽቦው ላይ የረጋ ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ይህንኑ የቀኝ መንገድ ሲሞር ፉርማን በ1958 በኒውዮርክ፣ ዝግ ያለን ልብ ለመቀስቀስ ተጠቅሞበት ነበር።

ይሁን እንጂ ቀኙ ክፍል እንዲሁ መተላለፊያ በር ብቻ አልነበረም። ቅስቀሳው ከቀኝ ሲጀምር ወደ ግራው ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ ሁለቱ ወገኖች በአንድነት አይኮማተሩም፤ ጉልበትም ይባክናል። በ2002 ይህ መሣሪያ በተተከለላቸው 506 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤቱን ገለጠ። ምታቸው በደቂቃ ከ40 ሲያንስ ብቻ እንዲረዱ ከተደረጉት መካከል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሞትና በልብ ድካም ሆስፒታል ከመግባት የዳኑት ከመቶ 84 ያህሉ ነበሩ፤ በደቂቃ 70 ጊዜ እንዲመታ ከተደረጉት ግን 73 ያህሉ ብቻ።

ከዚያ ወዲህ መሐንዲሶች መሣሪያውን ያለ አስፈላጊ ጊዜ ቀኙን ክፍል ሳይቀሰቅስ እንዲጠብቅ አድርገው ሠርተውታል። ለደጋው ነዋሪም ጥያቄው መሣሪያውን ማግኘት ብቻ አይደለም፤ ባትሪውን የሚመረምርና መጠኑን የሚያስተካክል ባለሙያ በአቅራቢያው መኖሩም ጭምር ነው።