ከገደል የወጣው ደጋን ሠሪ

ስሙኝማ፣ ጎበዝ! ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ደጋን ሠሪ ነው። አገሩ ካሊፎርኒያ ነው። ዘመኑ መቶ ዓመት አልፎታል፤ የምጠራውን ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ።

ኦሮቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከከተማዋ ዳር ቄራ ነበር። ኦገስት 29 ቀን 1911 የቄራው ውሾች አላስቀምጥ አሉ። ሠራተኞቹ ወጥተው ቢያዩ፣ በረቱ አጥር ሥር አንድ ሰው ኩርምት ብሏል። ዕድሜው ሃምሳ ግድም ይሆናል። ረኀብ አመንምኖታል። ፀጉሩን በእሳት ለብልቦ አሳጥሮታል፤ በወገኖቹ ልማድ ይህ የሐዘን ምልክት ነው። የሚናገረውን የሚሰማ ሰው ጠፋ። ሸሪፉም የሚያደርገው ቢጨንቀው ወስዶ እስር ቤት አሳደረው።

ይህን ሰው ደጋን ሠሪ ብዬዋለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን በእጁ ደጋን አልነበረም። የት ሄደበት? እሱን ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ አለብን።

ሰውየው ያሂ ከሚባል ሕዝብ የቀረ የመጨረሻው ነበር። ያሂዎች ላሰን በሚባለው ተራራ ግርጌ፣ ሚል ክሪክና ዲር ክሪክ የሚባሉት ወንዞች በሰነጠቁት ገደልና ቁጥቋጦ ውስጥ ይኖሩ ነበር። አጋዘን ያድናሉ፣ ሳልመን ዓሣ ይወጋሉ፣ የኦክ ፍሬ ፈጭተው ይበላሉ። በ1848 ካሊፎርኒያ ውስጥ ወርቅ ተገኘ ተባለና ሰው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ሰፋሪ መሬቱን ያዘ፣ ከብቱ ግጦሹን ጨረሰ፣ የዱር እንስሳው ሸሸ። የተራበ ያሂ ከሰፋሪው መንጋ አንዱን የነዳ እንደሆነ፣ የታጠቁ ሰዎች መጥተው መንደሩን ከነልጁ ይፈጁታል። በ1860ዎቹ እንዲህ እየሆነ ሕዝቡ አለቀ። የተረፉት ጥቂቶች ገደል ውስጥ ገቡና አርባ ዓመት ያህል ተሸሽገው ኖሩ። ዱካ እንዳይተዉ ድንጋይ ለድንጋይ ይረግጣሉ፤ ጭስ እንዳይታይባቸው እሳታቸውን ያሳንሳሉ።

«ያ ሁሉ ጠመንጃ ባለበት አገር ስለምን በደጋን ያድናሉ?» የሚል አይጠፋም። ወገኖቼ፣ ጠመንጃ ይጮኻል። በዚያ ገደል አንዲት ጥይት ብትፈነዳ፣ «ሰው አለ» ብላ ለጠላት ትናገራለች። ቀስት ግን አጋዘኑን ይጥላል እንጂ ባለቤቱን አያጋልጥም። ደጋኑ ጉሮሯቸውም መሸሸጊያቸውም ነበር።

በ1908 ግን ተገኙ። ለኤሌክትሪክ ኃይል ብለው ወንዙን የሚቀይሱ ሰዎች ሳያስቡት መደበቂያቸው ላይ ደረሱ። የቀሩት አራት ነበሩ። የሰውየው እህትና አንድ ሽማግሌ ሮጡ፤ ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም። እናቱ መሄድ የማትችል አሮጊት ነበረችና ተሸፋፍና እንደተኛች አገኟት። እሷን ባይነኩም የቤቱን ዕቃ፣ ደጋንና ቀስቱን ሳይቀር፣ ማስታወሻ ብለው ጭነው ሄዱ። እናትም ብዙ አልቆየች። ሰውየው ያቺን ኑሮ ብቻውን ሦስት ዓመት ያህል ገፋት፤ በመጨረሻም እዚያ አጥር ሥር ወደቀ።

ወሬው ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። ቶማስ ዎተርማን የሚባል አንትሮፖሎጂስት የጎረቤት ጎሣ ቃላት በወረቀት ይዞ እስር ቤት ገባ። አንድ በአንድ እየጠራ ቢያነብ፣ ሰውየው ዝም። በስተመጨረሻ የተቀመጠበትን የአልጋ እንጨት ቆርቆር አድርጎ «ሲዊኒ» አለ፤ ፓይን የሚባለው ዛፍ ማለት ነው። የሰውየው ፊት በራ። እሱም እንጨቱን እየቆረቆረ ደገመው። ቀድሞ ያስማማቸው እንጨት መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ወሰዱት፤ የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ውስጥ ማደሪያ ሰጡት። በወር 25 ዶላር እየተከፈለው ያጸዳል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ለተመልካች እሳት በእንጨት ያወጣል፣ ባልጩት ይቀርጻል። ስሙን ቢጠይቁት አልተናገረም፤ በወገኖቹ ዘንድ ሰው የራሱን ስም አይጠራም። የሙዚየሙ ኃላፊ አልፍሬድ ክሮበር በያሂ ቋንቋ «ሰው» ለማለት ኢሺ አለው፤ በዚያው ቀረ።

ከሙዚየሙ አጠገብ የሕክምና ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ነበር። በ1912 ሳክስተን ፖፕ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም መጣ። ኢሺ በቀዶ ሕክምናው ብዙም አልተደነቀ፤ ሳንቲም በእጁ እየሰወረ ሲያጫውተው ግን ወደደው፤ «ኩዊ» አለው፣ ባለ መድኃኒት ማለት ነው። ሐኪሙም በተራው የኢሺ ተማሪ ሆነ። እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ።

ኢሺ በከተማው ያገኘውን እንጨት ሁሉ ሞክሯል፤ ኦክ፣ ሂኮሪ፣ ባሕር ዛፍ ሳይቀር። ከሙዚየሙ በስተጀርባ የሚታየውን ኮረብታ የሸፈነው፣ እንደ እንጦጦው ሁሉ፣ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነበር። ኢሺ ከሁሉ የመረጠው ግን የተራራ ጥድ ነው፤ የኛው የሐበሻ ጥድ የሥጋ ዘመድ። ከዛፉ ቅርንጫፍ ገንጥሎ የውጪውን ክፍል ይወስዳል፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ነጩን፣ ከእሱም ቀጥሎ ያለውን ቀዩን ልብ፣ ሁለቱን እንደተጣበቁ። መለኪያው ገላው ነው። አንድ እጁን ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ከእጁ እስከ ተቃራኒው ዳሌው ያለው ርቀት የደጋኑ ቁመት ይሆናል። በሜትር ቢለካ ከ1 ሜትር እምብዛም አይበልጥም።

በባልጩት ስለት ይፍቀዋል። መጨበጫውን ጠበብ፣ የግራና የቀኙን ክንፍ ወገብ ሰፋና ሳሳ፣ ጫፎቹን ሾጠጥ ያደርጋል። ጫፎቹን በጋለ ድንጋይ ላይ ወደ ውጭ ያጎብጥና ቅርጽ እንዲይዙ ከእንጨት ጋር ጠፍሮ ያስራቸዋል። ከዚያ ጨለማና ደረቅ ቦታ ያስቀምጠዋል። ወራት ይቆያል፤ ካላስቸኮለው ዓመትም ይቆያል።

ቀጥሎ ያለውን ደህና አድርጋችሁ ስሙ፤ የጥበቡ ልብ እዚህ ነው። እንጨት ሲጎብጥ ሁለቱ ፊቶቹ እኩል አይሠቃዩም። ወደ ተኳሹ ያለው ሆድ ይጨመቃል፤ ወደ ዒላማው ያለው ጀርባ ይወጠራል። ጥድ መጨመቁን ይችላል፤ መወጠሩ ግን ይሰነጥቀዋል። ደጋኑ ረጅም ቢሆን ውጥረቱ በቁመቱ ይከፋፈልለት ነበር። ኢሺ ደግሞ ረጅም ደጋን አይፈልግም፤ የሚያድነው ቁጥቋጦ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ነውና ቅርንጫፍ ይይዝበታል። እና የውጥረቱን ሸክም ከጥዱ ጀርባ አንስቶ ለአጋዘን ጅማት ሰጠው። ጅማት ተለጥጦ ይመለሳል እንጂ ቶሎ አይበጠስም።

የሳልመን ቆዳ ይቀቅልና ሙጫ ያወጣል። የደጋኑን ጀርባ ሻካራ ያደርገዋል፣ ሙጫውን ይቀባዋል። የአጋዘኑን የእግር ጅማት በጥርሱ እያኘከ ያለሰልሳል፤ ሲታኘክ ክር ክር ሆኖ ይለያያል፣ ምራቁም ያጣብቀዋል። እያንዳንዱን ክር የአንዱ ጫፍ በሌላው ላይ እንዲያርፍ እየደራረበ ጀርባውን ሁሉ ያለብሰዋል። ጫፎቹ ላይ ዙሪያውን ይጠመጥመዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለውን ማየት የፈለገ እዚህ ይየው። ሲያበቃ በአኻያ ልጥ ጥርቅም አድርጎ ይጠቀልለውና እስኪደርቅ ይተወዋል። ከቀናት በኋላ ልጡን ፈትቶ እንደገና ሙጫ ይቀባል፤ በአሸዋ ድንጋይ ያለሰልሳል፤ መጨበጫውን በለፋ የአጋዘን ቆዳ ይጠመጥማል።

አውታሩም ከጅማት ነው፤ ከቀጭኑ። አኝኮ፣ ፈትሎ፣ እርጥብ ሳለ ወጥሮ በምራቅ ያሸዋል። በአንድ ጫፉ ቋሚ ቀለበት፣ በሌላው የቆዳ ጠፍር ያበጅለታል። ደጋኑን በጉልበቱ ላይ ለምጦ አውታሩን ያገባል። ተስቦ ሙሉ ሲሆን የ20 ኪሎ ያህል ጉልበት ይጠይቃል፤ ቀስቱን እስከ 180 ሜትር ግድም ይወረውራል። ከዚህ የበረታ መሥራት አቅቶት አይደለም፤ ለአደን ይህ በቂው ነበር።

አሁን ያን ደጋን መልሳችሁ እዩት። ጥዱ ከተራራው፣ ሙጫው ከወንዙ፣ ጅማቱ ከጫካው፣ ልጡ ከወንዙ ዳር። ቁመቱ ከራሱ ከሠሪው ገላ፣ እጥረቱ ከቁጥቋጦው። የያሂ አገር ጠቅላላ ተፍቆና ተጣብቆ እጅ ውስጥ ገብቷል።

ሥርዓትም አለው። ኢሺ እንደሚለው፣ አውታሩ እንደተወጠረ የተተወ ወይም የቆመ ደጋን ይደክመዋል፣ ያልበዋል፤ ስለዚህ ይጋደም። ማንም እንዳይሻገረው፣ ሕፃን እንዳይነካው፣ ሴትም እንዳትነካው። ከተነካ ቀስቱን ያጣምማልና በአሸዋና በውኃ ይታጠብ። ጥሩ ደጋን ደግሞ ይዘፍናል። አገራችን ጥጥ ሲነደፍ የደጋኑን አውታር ድምፅ የሰማ ያውቀዋል፤ ኢሺ የደጋኑን ጫፍ በከንፈሩ ጥግ ይዞ አውታሩን በቀስት መታ መታ ሲያደርግ፣ አፉ የድምፅ ሣጥን ይሆንለታል። በዚያ ዜማ የሚያወጋት ታሪክ ነበረች፦ አንድ ኃያል ተዋጊ ቀስቱን በእሳት ነከረ፣ በባሕር ነከረ፣ ወደ ፀሐይም ለቀቀው። ቀስቱ በፀሐይ ደጃፍ ገብቶ ብርሃኗን አጠፋው። ምድር ጨለመች፤ ሰዎች በብርድ ተንቀጠቀጡ፤ እንዳይሞቱም ላባ አበቀሉ። ወንድሞቻችን ወፎች እንዲህ ተፈጠሩ።

ሲተኩስስ? አውታሩን በአውራ ጣቱ ይስባል፤ ደጋኑን አጋድሞ ይይዛል። ሐኪሙ የተሳለ ክብ ዒላማ አቁሞ በውድድር ሲገጥመው ያሸንፈዋል። ጫካ ሲገቡ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኢሺ ነፋሱን ያሸታል፣ የጥንቸል ድምፅ አስመስሎ ያወጣል፣ አውሬው እጁ ጥግ እስኪደርስ ይጠብቃል። የደጋን አደን ክንድ ሳይሆን ትዕግሥት መሆኑን ፖፕ የተማረው ያኔ ነው። በ1914 ከእነ ክሮበር ጋር ሆነው ወደ ዲር ክሪክ ወረዱ፤ ኢሺም የአደኑንና የመሸሸጊያውን ቦታ እየመራ አሳያቸው።

ብዙ አልቆየም። ሳንባ ነቀርሳ ያዘውና ማርች 25 ቀን 1916 አረፈ። ክሮበር ሩቅ ነበርና አስከሬኑ እንዳይከፈት በደብዳቤ ተማጸነ፤ አልሆነም። አንጎሉ ወጥቶ ዋሽንግተን ወደሚገኘው ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተላከ። የቀረው ገላው ከደጋኑ፣ ከአምስት ቀስቶቹና ከኦክ ፍሬ ዱቄቱ ጋር ተቃጠለ። አንጎሉን ከመጋዘን አስወጥተው ለሕዝቡ የቅርብ ዘመዶች ያስረከቡት በ2000 ነው፤ እነሱም ከአመዱ ጋር ሰው በማያውቀው ቦታ ቀበሩት።

እጁ ግን መናገሩን ቀጠለ። ፖፕ የደጋን ሥራውን ደረጃ በደረጃ ጽፎ በ1918 አሳተመ፤ በ1923 ደግሞ ስለ ደጋን አደን መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ጥድ ፍቆ ጅማት ለሚያለብስ ሰው ያ ጽሑፍ መነሻው ነው። በ1990ዎቹ ደግሞ የበርክሊው ተመራማሪ ስቲቨን ሻክሊ ኢሺ የቀረጻቸውን የቀስት ጫፎች መርምሮ፣ ከያሂዎቹ ጥንታዊ ጫፎች ይልቅ የጎረቤቶቻቸውን የኖምላኪና የዊንቱን አሠራር እንደሚመስሉ አሳየ። ምናልባት ከእነሱ ይወለዳል፤ ምናልባት ከእነሱ ተምሯል። ስሙን እንኳ ያልተናገረ ሰው፣ የዘሩን ፍንጭ በባልጩት ስብርባሪ ላይ ትቶልናል።

ይሁንና ታሪኩን «ጥበቡ ዳነ» ብዬ ብዘጋው እዋሻችኋለሁ። የዳነው የወንዱ ጥበብ ነው፤ እሱም አንድ ወዳጅ አጠገቡ ተቀምጦ አራት ዓመት ያህል እጁን ስላየለት። እናቱ የምታውቀው ስፌት፣ የምትሰበስበው ሥር፣ እህቱ ለልጇ ልትነግራት የሚገባው ተረት ነበር። ለእነዚያ ሴቶች አጠገባቸው የተቀመጠ ሐኪም አልመጣም፤ የመጡት ዕቃቸውን የጫኑት ቀያሾች ናቸው። ሙዚየም ዕቃ ማኖር ይችላል፤ ዕቃውን የሚሠራውን እጅ የሚያኖረው ግን ሌላ እጅ ብቻ ነው።