ጠመንጃ ያዥና ጠመንጃ ሠሪ

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ታናሽ ወንድሜ ከጎጃም ደወለልኝ። ሰላምታው ሲረዝም አንድ የሚያስቸግረኝ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። የከብቱን፣ የዝናቡን፣ የጤፉን ወሬ ጨርሶ፣ «ጋሼ፣ የአባባ በልጅግ ወድቆ የፊት ማነጣጠሪያው ተነቅሏል። አዲስ አበባ መቼም ሠሪ አይጠፋም፤ እስቲ ፈልግልን» አለኝ።

«ፈቃዱ ታድሷል?» አልኩት በመጀመሪያ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ይህን ሳይጠይቁ የጠመንጃ ወሬ መጀመር ደግ አይደለም። ታድሷል አለኝ።

«ታዲያ ምን ልታደርጉበት ነው?»

«ኧረ ምንም! ግን የአባባ ዕቃ ዓይኑ ጠፍቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲታይ ያሳዝናል።»

ዓይኑ ጠፍቶ አለ። ስልኩን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። እኔ እንግዲህ ለዓመታት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ፉከራና ቀረርቶን ያላነሳሁበት ሴሚስተር የለም ማለት ይቻላል። በቃል ግጥሞቻችን ውስጥ ጠመንጃ ስንት ጊዜ እንደሚጠራ ተማሪ አስቆጥሬ አውቃለሁ። ጠመንጃ ሠሪው ስንት ጊዜ እንደሚጠራ ግን አንድም ቀን አላስቆጠርኩም።

እስቲ ስሞቹን እንያቸው። ሰናድር የምንለው ስናይደር ከሚባል አሜሪካዊ ፈልሳፊ ስም የመጣ ነው። ሰውዬው የሠራውን እንግሊዞች ወስደው፣ እሱ ክፍያው ሳያልቅለት ባለ ዕዳ ሆኖ በ1866 እ.ኤ.አ. ሞተ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያ ጠመንጃ በናፒየር ወታደሮች ትከሻ ላይ ሆኖ ወደ እኛ አገር መጣ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሥር፣ አሮጌ ላይ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ ወገን 700 ገደማ ሰው ሲወድቅ ከእንግሊዝ በኩል በቁስል የሞቱት ሁለት ነበሩ። ሰናድር ገድሎን ሲያበቃ በቋንቋችን ውስጥ ቀረ። ውጅግራ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው፤ ግራ በ1874 እ.ኤ.አ. ጠመንጃውን ያሻሻለው የፈረንሳይ መኮንን ስም ነው። ምንሽር ማንሊኸር የተባለው የኦስትሪያ መሐንዲስ ነው። ሞዝር ደግሞ የሁለት ጀርመናውያን ወንድማማቾች የቤተሰብ ስም ነው፤ አባታቸውም እንደነሱ ጠመንጃ ሠሪ ነበር። ክላሽማ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው፤ ሚኻይል ካላሽኒኮቭ የሚባል የሶቪየት ጦር ባለ ሌላ ማዕረግ።

እንግዲህ አስቡት። ጀግናችን ደረቱን ነፍቶ ሲፎክር የሚጠራው የማን ስም ነው? የፈረንጅ ጠይብ ስም ነው! የባዕዱን ብረት ቀጥቃጭ በዘፈን ስናነግሥ የራሳችንን ቀጥቃጭ ስም አናውቅም። አናውቅም ብቻ አይደለም፣ ስሙ ስድብ ነበር።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ያው በልጅግ ከበቅሎ ላይ ወድቆ የፊት ማነጣጠሪያው ተሰብሮ ነበር። የዚያን ጊዜ ሠሪ መፈለግ ችግር አልነበረም። ከመንደራችን ወዲያ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ለብቻው ጎጆ ቀልሶ የሚኖር ሽማግሌ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ የሚሠራልን እሱ ነው። ቤቱ ለምን ከሰው ቤት እንደራቀ ጠይቄ አላውቅም። አያቴ ግን ወደዚያ ስንሄድ ጠርታኝ «ዓይን ዓይኑን አትየው፤ የሰጠህን አትብላ» ብላኛለች።

አባቴ በዕድሜ የሚበልጠውን ያን ሰው «አንተ» ይለው ነበር። እሱ አባቴን «ጌታዬ» ይለዋል። ጠመንጃውን ተቀብሎ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጎ አየው፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ አንድ የማጭድ ስብራት አንስቶ እሳት ውስጥ ከተተ። ልጁ ወናፉን ይነፋል። ቀጥቅጦ፣ በሞረድ ሞርዶ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ጉጥ አወጣና በአፈሙዙ ጫፍ ባለችው ፍልጥ ውስጥ በመዶሻ እያንኳኳ አስገባት።

«ሦስት ጥይት አለ፣ ጌታዬ?» አለ። አባቴ ቅር እያለው ሰጠው። ጥይት ውድ ነበር። ጠመንጃውን በጤፍ ስልቻ ላይ አስተኝቶ መቶ እርምጃ ርቆ ባለ ነጭ ድንጋይ ላይ አስተኮሰው። የመጀመሪያው ወደ ግራ ሳተ። ቀጥቃጩ ጉጧን ወደ ግራ አንኳኳት። እኔ በልጅ አእምሮዬ «ወደ ግራ ከሳተ ወደ ቀኝ ነው እንጂ መግፋት!» ብዬ ገረመኝ፤ አፌ አላረፈምና ተናገርኩት። ሳቀና፣ «የኋላዋ የምትፈልገውን ትከተላለች፤ የፊቷ ግን ስህተቱን ነው የምትከተል» አለኝ። ሁለተኛው ከድንጋዩ ዝቅ ብሎ አፈር መታ። ጉጧን በሞረድ ዝቅ አደረጋት። ሦስተኛው ድንጋዩን ብትንትኑን አወጣው።

ያ ሰው ፊደል አልቆጠረም። የተናገረው ግን ዛሬም በየትኛውም አገር የጠመንጃ ሠሪዎች ትምህርት ቤት የሚሰጥ ሕግ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መካከል ግማሽ ሜትር ርቀት ካለ፣ የፊቷ ጉጥ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ብትዛነፍ ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ይስታል። በ300 ሜትር 60 ይሆናል። ከአውሬው ይልቅ አጠገቡ ያለውን ሰው ለመምታት ይበቃል ማለት ነው። የኋላው ማነጣጠሪያ ላይ እስከ 2000 የሚደርስ ቁጥር ተቀርጿል፤ አባቴ «የፈረንጅ ቁጥር ነው» ብሎ ከታችኛው እርከን አንቀሳቅሶት አያውቅም። ጠመንጃውን ጠመንጃ ያደረገው ያ ሁሉ ቁጥር ሳይሆን የስንዴ ፍሬዋ ነበረች።

ስንነሳ ሽማግሌው በሰፌድ ቆሎ አቀረበልን። አባቴ «ጠግበናል» አለ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስንም። በመኸር ዋጋውን በእህል ሊቀበል ቤታችን ሲመጣ ደግሞ ጠላ የተሰጠው ደጅ ቆሞ፣ ለእሱ ብቻ ተብላ ከጎተራው ሥር በምትቀመጥ ቅል ነው። ቅሏን አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በእጁ እንዳይነካኝ ተጠንቅቄ።

ይህ የእኛ ቤት ብቻ ነገር ቢሆን ኖሮ ለጋዜጣ ባላወጣሁት። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ ይሠራልኝ ብለው የያዙት፣ ለስብከት የመጡትን የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎች ነበር። ሰዎቹ መድፍ መሥራት አናውቅም ቢሉም አልተለቀቁም፤ ከከሸፈው ሙከራ በኋላ እየተማሩ ሠሩ። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከዚያ ወጥቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው ተራራ ላይ አለ። የዋልድማየር ስም በታሪክ ተጽፏል። አብረውት ከሰል ያከሰሉት፣ ወናፍ የነፉት፣ ብረትና ናሱን ያቀለጡት የአገሬው ሰዎችስ? ስማቸውን የጻፈልን የለም።

ቤተ እስራኤላውያንንም አስታውሱ። በጎንደር ምድር ርስት ሲከለከሉ በብረት ሥራና በሸክላ ሥራ ኖሩ፤ በዚያው ሙያቸው ደግሞ ቡዳ ተባሉ። በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ወደ እስራኤል ሲሄድ፣ ከሰዎቹ ጋር የስንት ዘመን የእጅ ዕውቀት ከአገር እንደወጣ ያሰበ ብዙ አልነበረም።

አፄ ምኒልክ ነገሩ ገብቷቸው ነበር። ጠመንጃና ሰዓት ፈትተው መግጠም የሚወዱ ንጉሥ ነበሩና የሠሪን እጅ ዋጋ ያውቃሉ። በዐድዋ ድል በ12ኛው ዓመት፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። የንጉሥ አዋጅ ግን ከአያቴ ምክር ጋር ሲፎካከር ተሸነፈ። አዋጁ ከወጣ ከ70 ዓመት በኋላ እንኳ ቅሏ ከጎተራው ሥር ነበረች። አዲስ አበባ ውስጥ ሠራተኛ ሰፈር የሚባል ሰፈር አለ፣ በቤተ መንግሥቱ የእጅ ባለሙያዎች የተሰየመ። ጠመንጃ ያዥ የሚባል ሰፈርም አለ። ጠመንጃ ሠሪ የሚባል ሰፈር ግን አልሰማሁም።

ወደ ፍለጋዬ ልመለስ። መርካቶ ሄድኩ። በያጅ ሞልቷል፤ «ጠመንጃ» የሚለውን ቃል ስሰነዝር ሁሉም ፊቱን አዞረብኝ። እውነታቸውን ነው፤ ያለ ፈቃድ መንካት ያሳስራል። በወዳጅ በኩል በጦር ሠራዊት ውስጥ መሣሪያ ይጠግኑ የነበሩ ጡረተኛ አገኘሁ። ቡና ጋበዝኳቸው።

«ክላሽ ቢሆን ቀላል ነበር፤ የፊቱ ጉጥ በመፍቻ ይሾራል። የኋላው ላይ ደግሞ እንደ በር መቃን የቆመች የሩሲያ ፊደል አለች፤ እሷ ላይ ካሳረፍከው እስከ 300 ሜትር ድረስ አትጨነቅም። የእናንተ በልጅግ ግን በእጅ ተሞርዶ ነው የሚሠራ። እኔ ያንን አልተማርኩም» አሉኝ።

የወንድሜ ልጅ በስልክ «በመነፅር ይተካልን፤ ወይም ባለ ቀይ ነጥቡ ይግባለት» ብሎኝ ነበርና ይህንንም ጠየቅኳቸው። ሳቁ። «ቀይ ነጥቡ ለቅርብና ለፈጣን ነገር ነው። መነፅሩ የሩቁን ያቀርባል፤ ማሰሪያው ግን በዚያ ጠመንጃ አካል ላይ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ የታሪክ ዕቃ መብሳት ነው። ደግሞ በርሜሉ ውስጡ አልቆ ከሆነ መነፅር ምን ያደርግለታል? ጥይቱ የት እንደሚስት አጉልቶ ከማሳየት በቀር! ተመልሶ የዱሮው ዓይነት ጉጥ ነው የሚሻለው» አሉኝ። በልጅግ በተወለደበት አገር፣ ልየዥ ከተማ፣ ጠመንጃ መሥራት ዛሬም በትምህርት ቤት የሚሰጥ ሙያ ነው፤ ከ1672 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጠመንጃ የሚፈተንበትና ማኅተም የሚመታበት ቤትም አላቸው። እዚያ ቢሆን ኖሮ የወንድሜ ጥያቄ የአንድ ቀን ጉዳይ ነበር።

በመጨረሻ ያ ወናፍ ይነፋ የነበረው ልጅ ትዝ አለኝ። አፈላልጌ ስልኩን አገኘሁ። አንድ ከተማ ውስጥ የቶርኖ ባለሙያ ሆኗል። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ወዲያው አስታወሰኝ። «መምህር፣ ቶርኖ ሌላ ነው፣ የአባቴ ሥራ ሌላ ነው» አለኝ በጨዋ ድምፅ። «ያንን ሙያ አባቴ አላስተማረኝም። ልማር ብለው እምቢ አለኝ። ‹ስድቡም ሙያውም ከእኔ ጋር ይቀበር› ብሎ ነው የሞተው።»

ምን ልበለው? «ይቅርታ» አልኩት። የምን ይቅርታ እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላብራራሁም። ዝም ተባባልን። ከዚያ እሱው ነገሩን ሊያቀልልኝ፣ «እናንተ ቤት ስትመጡ ቆሎ አልበላችሁም ነበር፤ እናቴ ሁልጊዜ ታነሳው ነበር» አለና ሳቀ። አርባ አምስት ዓመት ያህል ሆኖታል።

አንባቢዬ፣ ዛሬ «ባለሙያ ጠፋ» የማይል ሰው የለም። ቧንቧ ሠሪው፣ አናጢው፣ መካኒኩ ጠፋ እንላለን። ጥፋቱንም ወደ ትምህርት ፖሊሲው፣ ወደ ወጣቱ ስንፍና፣ ወደ ቻይና ዕቃ እንወስደዋለን። ሁሉም እውነት ሊኖረው ይችላል። እኔ ግን ጠመንጃ ሠሪው የጠፋበትን ቀን በደንብ አውቀዋለሁ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ጠላ ሰጥቼዋለሁ።

ለወንድሜ ደወልኩለትና አልተገኘም አልኩት። ጠመንጃው ግድግዳው ላይ እንዳለ ይቆይ፤ ዓይኑም እንደጠፋ። ልጆቹ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት የሚነግራቸውን ግን ነገርኩት፦ የሽማግሌውን ቀጥቃጭ ነገር፣ የሦስቱን ጥይት፣ የቅሏን ነገር፣ አንዱንም ሳይዘል። የፊቷ ጉጥ የምትቀናው ስህተቱን ተከትላ ነው ብሎን የለ? ወንድሜ ትንሽ አሰበና፣ «ጋሼ፣ ቅሏ እኮ እስከ ዛሬ እቤት አለች» አለኝ።

ከጠመንጃው ጎን ስቀላት አልኩት።